ለሽማግሌ ወዲያው እሺ ያልኩበት እሑድ

እናንተ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ቤት የአንድ አማካሪ ነው። ከሰውየው ጋር ዝምድና የለንም። ቢሆንም ከብዙ ዘመዶቻችን ይልቅ እሱን እናየዋለን። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ነጭ ስኒከር ተጫምቶ ይመጣል፤ እግሩን ያጣምራል፤ የጣቶቹን ጫፍ ያገናኛል፤ ከዚያ ስለ ሕይወት ይመክራል። ባለቤቴ ስንዱ እሱ አፉን ከከፈተ ማንንም አትሰማም። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆርጬ ፕላስተር የት እንዳለ ብጠይቃት፣ «ማስታወቂያ እስኪገባ ጠብቅ» ብላኛለች።

ምን ምን እንደሚል ልንገራችሁ። «ሰው ሲደክመው ማረፍ አለበት» ይላል። አዘጋጇ «ዋው» ትላለች። «የተራበ ሰው ቶሎ ይናደዳል» ይላል። አዘጋጇ ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች። ባለፈው ደግሞ ካሜራውን ትኩር ብሎ አየና «ያለፈው አልፏል» አለ። ስንዱ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ይህን ሁሉ ሳውቅ አንድ ቀን እንኳን ነጭ ስኒከር ገዝቶ ቴሌቪዥን ላይ ያስቀመጠኝ ሰው አለመኖሩ አንገበገበኝ።

«ይሄ እኮ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው» አልኳት።

«ማንም የሚያውቀውን አንተ መቼ አድርገኸው ታውቃለህ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ሐኪም ጨው ቀንስ ካለህ ስንት ጊዜህ ነው? ጃንጥላ ያዝ፣ ክረምት ነው ስልህ ስንት ጊዜ በስብሰህ ገባህ? ማስተዋል የሚባለው ነገር ቤታችን ውስጥ በበቂ ስላልተገኘ ነው ከውጭ የማስገባው።»

ይህ ነገር ውስጤ ገባ። ክርክሩ ቀጠለ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ቀጠለ። በመጨረሻ ስንዱ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ አማካሪው በዚያ ቅዳሜ የሚሰጠውን ምክር እንዳለ ሥራ ላይ እንዳውል። በሕይወቴ ምንም ካልተለወጠ ቅዳሜ ቅዳሜ ሪሞቱ የእኔ ይሆናል። እኔም የማሸንፍ መሰለኝና ተስማማሁ።

የዚያ ቅዳሜ ርዕስ ግልጽነት ነበር። «የሚሰማችሁን ወዲያውኑ፣ ሳታሽሞነሙኑ ተናገሩ» አለ አማካሪው። «አዎ ማለት እየፈለጋችሁ እናያለን አትበሉ። ይህ በማንኛውም ግንኙነት ይሠራል።» እኔ ቃል በቃል በማስታወሻ ደብተሬ ገለበጥኩት። «በማንኛውም» የሚለውን ከሥሩ አሰመርኩበት። አማካሪው ያለው አንድ ነገር ነው፤ ማስመሩ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

ሰኞ ጠዋት ጉርድ ሾላ ከሚገኘው መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ጥበቃው እየፈተሸኝ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለኝ። እንደ ወትሮው «እግዚአብሔር ይመስገን» ልል አፌን ከፈትኩና ደብተሩ ትዝ አለኝ። ስለዚህ እንዴት እንዳደርኩ ነገርኩት። ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ እንደሚያመኝ፣ ስወጣ ግን እንደማያመኝ፤ የስንዱ እናት ለአንድ ሳምንት ብለው መጥተው ሦስተኛ ወራቸውን እንደያዙ፤ ትራሴ እንደጠነከረ። ሰውየው እጁ ኪሴ ላይ እንዳለ ቆሞ አዳመጠኝ። ከኋላዬ የሚፈተሹ ሠራተኞች ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። በማግስቱ ሳልፍ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ይለፉ» ብቻ አለኝ።

ማክሰኞ የባሰ ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ ወይዘሮ ፀሐይ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «እንብላ» አለችኝ። እኔና እሷ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ በየቀኑ «እንብላ» ትለኛለች፤ በየቀኑ «ብዪ፣ ጠግቤያለሁ» እላታለሁ። አንድም ቀን ጠግቤ አላውቅም። የእሷ ሽሮ ሽታው ብቻ ሰው ያስጎመጃል። «እሺ» አልኩና ወንበሬን ይዤ ተጠጋሁ።

ወይዘሮ ፀሐይ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች አየችኝ። «ትበላለህ?» አለችኝ።

«እንብላ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

በላን። ማለቴ እኔ በላሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ወይዘሮ ፀሐይ ምሳዋን መዝገብ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ትበላ ጀመር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብህ ትሉኝ ይሆናል። ሐሙስ ባይመጣ ኖሮ አቆም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በፊት የጀመረ ስብሰባ የምሳ ሰዓትን አልፎ ሄደ። ኃላፊያችን በመጨረሻ «አስተያየት ያለው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። «ስብሰባው ካለቀ አርባ ደቂቃ ሆኖታል፤ እኛ ነን ያልጨረስነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ኃላፊው ዞረ። እኔም የሥራ ልምድ ማስረጃዬን የት እንዳስቀመጥኩ ማሰብ ጀመርኩ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም እርቦኛል» አሉና ተነሡ። ሰው አጨበጨበ። ደረጃው ላይ ሁለት ሰው ጨበጠኝ፤ አንዱ ጭራሽ የማላውቀው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ? ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስጠብቅ ነበር እያልኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለስንዱ አማካሪው ትልቅ ሰው እንደሆነ ነገርኳት። አርብ ዕለት ደግሞ የምትኮራበትን አዲሱን መጋረጃ እንደማልወደው ነገርኳት። እራት አልቀረበም፤ እኔ ግን በግልጽነት ጠግቤ ተኛሁ።

እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። አንድ ልጅ አለችን፤ ማህሌት ትባላለች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲስት ናት። ዳዊት የሚባል መሐንዲስ ትወዳለች። ዳዊትን ሁለት ዓመት እናውቀዋለን። ቤታችን በልቷል፤ የሚያፈሰውን የውሃ ታንከራችንን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጠግኗል፤ ከስንዱ እናት ጋር እንኳን ተግባብቷል። ስለዚህ መልሱ «እሺ» እንደሆነ ማህሌትም፣ ዳዊትም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ቤታችን አጠገብ ያለው ባለሱቅም ያውቃል። ቢሆንም ወግ ወግ ነው። ሽማግሌ ይመጣል፤ ቆሞ ይጠይቃል፤ አባት ፊቱን ያከብድና ዘመድ ላማክር ብሎ ይቀጥራል፤ ተመልሰው ሲመጡ ይሰጣል። ስንዱ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሽማግሌ ከውርርዳችን ውጪ እንደሆነ ያልነገረችኝ ማንም የሚያውቀው ነገር መስሏት ነው።

ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ከእንጦጦ የመጡት አቶ ዘውገ ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ። ከእሳቸው ጋር አንድ ቄስና የዳዊት አጎት ነበሩ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አልናቸው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ደንቡ። ሦስቱም ሳሎናችን መሐል ተደርድረው ቆሙ። አቶ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቀን ላሳየን አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ዛሬ ከደጃችሁ ያቆመን ጉዳይ…»

«እሺ» አልኩ።

«አቤት?»

«እሺ። ማህሌትን ለዳዊት ነው አይደል? እኛም ልጁን እንወደዋለን። ተስማምተናል። ተቀመጡ፣ ምሳው ደርሷል።»

ከጓዳ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ፤ ሲሽከረከር ቆይቶ ቆመ። ቄሱ ጣሪያውን አዩ። አጎትየው ቄሱን አዩ። አቶ ዘውገ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት ግማሽ ድረስ አውጥተው ነበር፤ ቀስ አድርገው መለሱት።

«ልጅቷ… ደህና ናት?» አሉኝ።

«በጣም ደህና ናት» አልኩ። ምናልባት በጣም ቶሎ አልኩት።

ሦስቱ ራሳቸውን አገናኝተው አንሾካሾኩ። ከዚያ አቶ ዘውገ ከዘራቸውን አነሡ። «እንግዲህ እኛም ሄደን እንመካከርና…» አሉኝ። ሽማግሌ ለልጅቷ አባት ቀጠሮ ሲሰጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። ምሳውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ማህሌት ከጓዳ ወጣች። አልጮኸችም። «አባዬ» አለችኝ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት አሳድገህ በሃያ ሰባት ሰከንድ?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳዊት ደወለላት። ሰፈራቸው ተናውጧል። እናቱ ልጅቷ የተደበቀ በሽታ አለባት ወይ ብለዋል። አክስቱ ከዚህ በፊት አግብታ ነበር ወይ ብለዋል። አጎትየው ደግሞ እኔ ከአገር ልወጣ ስለሆነ ለልጄ ቶሎ ማስቀመጫ እየፈለግኩ እንደሆነ ጠርጥረዋል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሠርጉ ይቆይ ተብሏል። ማህሌት ስልኩን ዘግታ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ስትዘጋው ድምፅ እንኳን አላሰማም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ልጄ የምትወደውን ሰው ልታጣ የነበረው በእኔ ምክንያት ነው።

«በማንኛውም ግንኙነት ነው ያለው» አልኳት ስንዱን፣ ያሰመርኩበትን እያሳየኋት።

«ሰውየው እኮ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው ያለው» አለችኝ። «አንተ ነህ ቤት ውስጥ ያለኸው።»

ሳምንቱን ሙሉ ከሽማግሌዎቹ ድምፅ ጠፋ። ቅዳሜ ሲደርስ ሌላ የማማክረው ሰው አጣሁና ወደ ፕሮግራሙ በቀጥታ ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ከየት ነው የሚደውሉልን?» አለች አዘጋጇ።

«ከየካ ነው። ስሜ ይቅር።»

«ቴሌቪዥኑን ይቀንሱልን፣ ድምፅዎ ይመላለሳል።»

ስንዱን ቀንሺ ብላት አልቀንስም አለች፤ ስለ ባሏ የሚባለውን መስማት ትፈልጋለቻ። ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ሁሉንም ለአማካሪው ዘረገፍኩለት።

«በጣም ደፋር ነዎት» አለኝ። «ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ምን ተሰማዎት?»

«ምሳው ተረፈ።»

«ከምሳው በታች ያለውን ስሜት ነው የምጠይቅዎት።»

«ከምሳው በታች ምንም የለም። ምን ላድርግ ነው የምለው።»

«ስሜትዎን በግልጽ ይንገሯቸው።»

«ነግሬያቸው ነው እኮ የሄዱት።»

«ይድገሙላቸው» አለኝና የፍራሽ ማስታወቂያ ገባ።

ፍርድ እንዳላዛባ፣ ሰውየው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሲደክም ማረፍም፣ በግልጽ መናገርም ልክ ነው። ችግሩ ሦስት ሽማግሌ ሳሎኑ መሐል ቆመውበት አለማወቃቸው ብቻ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ድምፅዎ ያምራል» አለችኝ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«አንድ አባት ከየካ» አለ የአቶ ዘውገ ድምፅ። ለካ እሳቸውም ያያሉ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ፓርክ በር ላይ ይጠብቁኝ።»

በማግስቱ አቶ ዘውገ ቱታ ላይ ጋቢ ደርበው መጡ። ሐኪም ይራመዱ ስላላቸው በየቀኑ እዚያ ይራመዳሉ፤ እኔ ግን ዳገቱን ከኋላቸው ስከተል ሐኪም የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ ታወቀኝ። ባሕር ዛፎቹ መሐል አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን።

«ምን እንዳደረጉኝ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«እሺ አልኩዎት።»

«እሺ ማለትዎ አይደለም የቆጨኝ። ሳልጠይቅ ነው እሺ ያሉኝ። ንግግሩን ሁለት ሳምንት ነው ያዘጋጀሁት። ድሮ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ እላክ ነበር። አሁን ልጆቹ በስልክ ይጨርሱታል፤ እኛ የምንጠራው አዳራሹ ከተያዘ በኋላ ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ አንድ ደህና ሽምግልና አገኘሁ ስል፣ ከአፌ ነጠቁኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን በሉት። «እንግዲህ ተመልሰው ይምጡልን» አልኳቸው።

«አባት ሽማግሌን ና ልጄን ጠይቀኝ አይልም። ነውር ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ያን ዕለት ግን ትኩሳት ነበረብዎት።»

«አልነበረብኝም።»

«ነበረብዎት ነው የምልዎት።»

«ኧረ ነበረብኝ» አልኩ።

«ያመመው ሰው የተናገረው አይያዝበትም። እንደ አዲስ እንመጣለን። እርስዎ ግን መቅጠር አይችሉበትም፤ ይነሡ፣ እንለማመድ።» ተነሥተው ከፊቴ ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምንዎት መጥተናል።»

«አልሰጥም» አልኩ።

«ይሄማ ጠብ ነው። እንደገና። ልጅዎን ለልጃችን…»

«ማመልከቻችሁን ተቀብለናል።»

«ይሄ የቢሮ ነው። እንደገና። ፊትዎን ያክብዱት።»

አምስተኛው ላይ ስንደርስ ሁለት የሚሮጡ ወጣት ሴቶች አጠገባችን ቆሙ። የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። ያዩት ነገር አንድ ሽማግሌ ጫካ ውስጥ ቆመው ልጅዎን ይስጡኝ እያሉ ሲማጸኑና አንድ ጎልማሳ ፊቱን አኮሳትሮ ሲከለክላቸው ነው።

«አባባ፣ ሰላም ነው?» አለች አንዷ፣ እኔን በክፉ ዓይን እያየች። «ለእርስዎ ነው የሚፈልጓት?»

«ልምምድ ነው ልጄ» አሉ አቶ ዘውገ።

«ድራማ ነው?» አለች ሌላይቱ። ተቃቅፈን ካልሄድን እንደማይሄዱ ስለገባን ተቃቅፈን ወረድን።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱም ሳሎናችን መሐል ተደርድረው ቆሙ። አጎትየው ስለ ትኩሳቴ ጠየቁኝ፤ ቄሱ ትኩሳት የሚለውን እንዳልሰሙ ሆኑ። አቶ ዘውገ ወረቀታቸውን አወጡ፤ ግን አላዩትም። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ ዘርም፣ ሃይማኖትም፣ የልጁ ጠባይም ነበረበት። እኔ ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር በልቤ እየደገምኩ ፊቴን አክብጄ ቆየሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኛ የጎደለንን ልንሞላ ነው የመጣነው» አሉ። «እናንተ ሙሉውን ልታጎድሉ ነው። ማታ በሩ ሲንኳኳ እሷ ናት ብሎ መነሣት ከዚህ ቤት ሊቀር ነው። ይህ ስለማይጠፋን ነው ቁጭ ብለን የማንጠይቀው።»

አንድ ሳምንት ሙሉ የሚሰማኝን ስናገር ከርሜ፣ ይህ ግን ለካ አልተሰማኝም ነበር። ዳዊት ጥሩ ልጅ ነው፣ ተደስቻለሁ፣ እሺ፤ እዚያ ድረስ ነበር ያሰብኩት። ማታ በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ። ቁልፍ አላት፤ ግን አትከፍትም፣ ታንኳኳለች። ማህሌት ልትሄድ ነው። ዓረፍተ ነገሬን ጀመርኩ። «ዘመድ ወዳጅ አለን፤ ሳናማክር…» አልኩና ድምፄ ተሰበረ። እንባዬ መጣ፤ በሽማግሌ ፊት፣ ያለ መሐረብ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አጎትየው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እንዲህ ያለ አባት፤ እንዲህ የምትሰሰት ልጅ።

«የዛሬ ሁለት…» አልኩ፣ «የዛሬ ሁለት ወር ብቅ በሉ።»

አቶ ዘውገ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሳምንት» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ወር» አልኩ።

«አባዬ» አለ የማህሌት ድምፅ ከጓዳ።

«ሳምንት» አልኩ።

ቄሱ መረቁን። አቶ ዘውገ በሩ ላይ እጄን ጨብጠው ጠጋ አሉኝና፣ «ለቅሶውን አልተለማመድነውም ነበር፤ ከየት አመጡት?» አሉኝ። በዚያው ምሽት የዳዊት እናት ደወሉ። የመጀመሪያውን እሑድ አላነሡትም። አጎትየው ያዩትን እንደነገሯቸውና ልጃችንን እንደ ዓይናቸው ብሌን እንደሚይዙልን ብቻ ነገሩኝ። ማህሌት ከጓዳ ወጥታ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

የፊታችን እሑድ ይመጣሉ፤ እሺ እላለሁ፤ ያልቃል። ሁለት ሳምንቱ ግን የእኔ ነው፤ ለዘመድ ምክር ነው የተሰጠኝ፤ አንድም ዘመድ አላማከርኩም። ጠዋት ጠዋት ማህሌትን ታክሲ ተራ ድረስ እሸኛታለሁ፤ አብሬያት እሰለፋለሁ። ትናንት ሰዓቷን አየችና «አባዬ፣ ሰርቪስ አያመልጥህም?» አለችኝ።

«አምልጦኛል» አልኳት።

ሰልፉ ሱቆቹን አልፎ ጥጉ ላይ ታጥፏል። ታክሲ የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፤ እኔ ግን ከፊታችን ስንት ሰው እንደሚቀረን ቆጠርኩና፣ ብዙ ስለሚቀረን ደስ አለኝ።